የብሮውዘር ታብና አቋራጭ ቁልፎች፦ የትኛው አሠራር ለየትኛው ሥራ?

ይህን መመሪያ ስጽፍ ጅማ ያሉ ሁለት ዓይነት ሰዎችን አስቤ ነው። አንደኛው የሚሠራው ነው፤ ብሮውዘር፣ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ወይም ታብ (በአንድ መስኮት ውስጥ ብዙ ገጽ የሚከፈትበት ክፍል) ያለው የቢሮ ሲስተም የሚገነባ ወጣት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ባሉበት ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት የያዘ ተማሪ አይጠፋም። ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ ብሮውዘር ላይ የሚውለው ነው፤ የኮፒ ቤት ሠራተኛ፣ የቢሮ ጸሐፊ፣ ቴሲስ የሚጽፍ ተማሪ። የመጀመሪያው "የቱን ልሥራ?" ይላል። ሁለተኛው "የቱን ላብራ፣ የቱን ላጥፋ?" ይላል። ጥያቄው ያው አንድ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ታብ ላይ እኔ የማስቀድመው ሰው የከፈተውንና የጻፈውን እንዳያጣ መጠበቁን ነው። ፍጥነትና ውበት ከዚያ ቀጥሎ ይመጣሉ። መብራት ድንገት ይሄዳል። ዳታ በፓኬጅ ይገዛል። ብዙ ሰው የሚሠራው 4 ጊጋባይት ራም (የተከፈተው ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚያዝበት ማኅደር) ባለው ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ አንድ አሠራር ከሌላው ይሻላል ስል የምመዝነው በዚህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታቡ ከላይ ይሁን ወይስ ከጎን?

ታብን ከብዙ ሰው ጋር ያስተዋወቀው በ2004 የወጣው ፋየርፎክስ 1.0 ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ታብ ያገኘው ዘግይቶ፣ በ2006 በሰባተኛው ስሪት ነው። በ2008 ክሮም ሲመጣ ታቦቹን ከአድራሻ ሳጥኑ በላይ አወጣቸው። ፋየርፎክስም በ2011 ተከተለው። ነገሩ ለዓይን ብቻ አልነበረም። የአድራሻ ሳጥኑና የመመለሻ ቀስቱ የአንድ ታብ ንብረት ናቸው፤ ስለዚህ በታቡ ሥር መሆናቸው ልክ ነው። መስኮቱ ስክሪኑን ሲሞላ ደግሞ ታቦቹ የስክሪኑን የላይኛ ጠርዝ ይነካሉ። ማውሱን ወደ ላይ ብትወረውሩት ጠርዙ ያቆምላችኋል፤ አልፋችሁ አትሄዱም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ፊትስ በ1954 ያወጣው ሕግ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ኢላማው ሲተልቅና ሲቀርብ እጅ ቶሎ ይደርሳል።

የላይኛው አሠራር ችግሩ ታብ ሲበዛ ነው። ሃያ ታብ ስትከፍቱ ርዕሱ ይጠፋና ትንሿ አርማ ብቻ ትቀራለች። አሥሩ ታብ ከአንድ ድረ ገጽ ከሆነ አርማዎቹም አንድ ናቸው። የቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ መንካት ነው።

የጎን ታብ እዚህ ላይ ያሸንፋል። ቪቫልዲ ከመጀመሪያ ስሪቱ ጀምሮ፣ ኤጅ ከ2021፣ ፋየርፎክስ ከ2025 ጀምሮ ይህን ያቀርባሉ። ርዕሶቹ ከላይ ወደ ታች ስለሚደረደሩ ሁሉም ይነበባሉ። እዚህ አገር በብዛት የምናየው 1366 በ768 የሆነ ላፕቶፕ ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ታች ግን አጭር ነው። የጎን ታብ ከሰፊው ወስዶ ለጠባቡ ያተርፋል። ጉዳቱ፣ ሰፊ የኤክሴል ዓይነት ሠንጠረዥ ስትከፍቱ ቦታ ይሻማል።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ከአሥር ታብ በታች የምትሠሩ ከሆነ ከላይ ይሁን። አሥሩን የምታልፉት በየቀኑ ከሆነ ከጎን አድርጉትና በአንድ ቁልፍ የሚታጠፍ ይሁን። ለሠሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። የገጹን ርዕስ ስትጽፉ የሚለየውን ቃል አስቀድሙ። "የእገሌ ቢሮ የኦንላይን አገልግሎት ፖርታል፣ ቅጽ 3" የሚል ርዕስ ታብ ላይ ሲቆረጥ የሚቀረው "የእገሌ ቢ…" ነው። "ቅጽ 3" ቢቀድም ግን ይታያል። የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ስለሚሰፋ መቆረጡ ቶሎ ይመጣል።

አዲስ ታብ የት ይከፈት?

ሁለት ምርጫ አለ፤ ከተከፈተበት ገጽ አጠገብ ወይም መጨረሻ ላይ። እዚህ ብዙ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። ከሊንክ የተከፈተ ከወላጁ አጠገብ፣ በኮንትሮል+ቲ የተከፈተ መጨረሻ ላይ። ክሮምም ፋየርፎክስም የሚያደርጉት ይህንን ነው። ሠሪዎች የሚሳሳቱት ሦስት ሊንክ በተከታታይ ሲከፈት ነው። እያንዳንዱን ልክ ከወላጁ ቀጥሎ ካስገባችሁት ሦስተኛው አንደኛ ሆኖ ይሰለፋል። አዲሱ ልጅ ከቀድሞው ልጅ ቀጥሎ ይግባ። ከሊንክ የተከፈተው ወዲያው ከተዘጋ ደግሞ ዓይን ወደ ወላጁ ይመለስ።

ከበስተጀርባ ይከፈት ወይስ ከፊት የሚለው የበለጠ ያሳስበኛል። ኮንትሮል ይዞ ክሊክ ማድረግ ወይም የማውሱን መሃል መንኮራኩር መጫን ከበስተጀርባ ይከፍታል። ኮንትሮል+ሺፍት ይዞ ክሊክ ማድረግ ወደ አዲሱ ይወስዳል። ኔትወርክ በሚያዘግምበት ሰዓት ከበስተጀርባው ትልቅ ሀብት ነው። አንዱን ጽሑፍ እያነበባችሁ አራቱ ይወርዳሉ። የፍለጋ ውጤት ላይ አንዱን ከፍቶ መጠበቅ፣ ተመልሶ ሌላውን ከፍቶ መጠበቅ ግን ግማሽ ቀን ይበላል።

ኮንትሮል+ታብ፦ በቦታ ተራ ወይስ በቅርብ ጊዜ ቅደም ተከተል?

ብሮውዘር ሠሪዎች ለዓመታት ያልተስማሙበት ይህ ነው። በቦታ ተራ ማለት ኮንትሮልን ይዛችሁ የታብን ቁልፍ ስትጫኑ በስተቀኝ ወዳለው ታብ ትሄዳላችሁ። ክሮም የሚከተለው ይህንን ነው። በቅርብ ጊዜ ማለት ደግሞ የትም ይቀመጥ፣ ቀደም ብላችሁ ወደነበራችሁበት ታብ ትመለሳላችሁ። ፋየርፎክስ በሴቲንጉ ሁለቱንም ያስመርጣል።

ልዩነቱ የሚታየው ሥራ ላይ ነው። ቴሲስ የሚጽፍ ተማሪ አስቡ። አንድ ታብ ላይ ጽሑፉ፣ ሰባት ታብ ርቆ ምንጩ አለ። ከአንዱ ያነባል፣ ሌላው ላይ ይጽፋል። በቦታ ተራ ሰባት ጊዜ መጫን ሊኖርበት ነው፤ ሲመለስም ሰባት። በቅርብ ጊዜ ግን አንድ ጊዜ ጫን፣ አንድ ጊዜ ተመለስ። ለሁለት ነገር መካከል ምልልስ ይህን የሚያህል የለም።

ጉዳቱስ? በቅርብ ጊዜ ቅደም ተከተል በዓይን አይታይም። ስክሪኑ ላይ ካለው ተራ ጋር አይገጥምም፤ በራሳችሁ ትዝታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ኮንትሮልን እንደያዛችሁ ዝርዝሩ ብቅ ማለት አለበት፤ ጣታችሁን ስትለቁ ብቻ ይምረጥ። ዝርዝሩ የገጾቹን ምስል ካላሳየሁ ብሎ ከዘገየ ግን ጥቅሙ ጠፋ። ደካማ ኮምፒውተር ላይ ርዕስና አርማ ብቻ ቢያሳይ ይበቃል።

ኮምፒውተሩ ብዙ ሰው የሚጋራው ከሆነ የቦታ ተራ ይሻላል። የሌላ ሰውን የቅርብ ጊዜ ማን ያስታውሳል? የግል ላፕቶፕ ከሆነ በቅርብ ጊዜ ይሁን። ሠሪ ከሆናችሁ ደግሞ አንዱን መጣል አይጠበቅባችሁም። ኮንትሮል+ታብን ለቅርብ ጊዜ፣ ኮንትሮል+ፔጅ አፕና ፔጅ ዳውንን ለቦታ ተራ ስጡ። ፋየርፎክስ ላይ የቅርብ ጊዜውን ስታበሩት የምታገኙት ይህንን ነው፤ እኔ ካየሁት ሁሉ የተሻለው ስምምነትም እሱ ነው።

ቁጥሮቹ አያከራክሩም። ኮንትሮልን ከ1 እስከ 8 ካሉ ቁጥሮች ጋር መጫን በተራ ቁጥሩ ወዳለው ታብ ይወስዳል። 9 ግን ዘጠነኛው አይደለም፤ የመጨረሻው ታብ ነው። ስንት ታብ እንደተከፈተ ሳይቆጥሩ ጫፍ ላይ ለመድረስ ስለሚያገለግል ይህን አትቀይሩት። ሊኑክስ ላይ ፋየርፎክስ በኮንትሮል ፈንታ አልትን ይጠቀማል። ታብ ከበዛ ደግሞ መፈለግ ይቀላል፤ ክሮም ላይ ኮንትሮል+ሺፍት+ኤ፣ ፋየርፎክስ ላይ አድራሻ ሳጥኑ ውስጥ የመቶኛ ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ቃሉ።

መዝጋት፦ ማስጠንቀቂያ ወይስ መመለሻ?

ሥራ የሚጠፋው ሲዘጋ ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ የመዝጊያዋ ምልክት። ፋየርፎክስ እስከ 2006 ድረስ አንድ መዝጊያ ብቻ ነበረው፤ ከታቦቹ መደዳ በስተቀኝ ጫፍ። ሁለተኛው ስሪት ሲመጣ ለእያንዳንዱ ታብ የራሱ ሆነ። የአሁኑ ይሻላል፤ የምትዘጉት የቱን እንደሆነ በግልጽ ይታያል። አደጋው ግን ታብ ሲጠብ ነው። መዝጊያው የታቡን ግማሽ ይይዝና ለመምረጥ የነካችሁት ይዘጋል። መፍትሔው፣ ታብ ከጠበበ መዝጊያው የሚታየው የተመረጠው ታብ ላይ ብቻ ይሁን። መጠኑም አይነስ። በ2023 የወጣው ደብሊውሲኤጂ 2.2 የተሰኘው የተደራሽነት መስፈርት ለሚነካ ነገር ዝቅተኛውን መጠን 24 በ24 ፒክስል አድርጎታል።

ክሮም ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይላት አንዲት ነገር አለች፤ በጣም እወዳታለሁ። ማውሱን ሳታነሱ ታብ ስትዘጉ የቀሩት ታቦች ወዲያው አይሰፉም። ስፋታቸውን ይዘው ይንሸራተታሉ፤ የሚቀጥለው መዝጊያ ጠቋሚው ሥር ይመጣል። አምስት ታብ በአንድ ቦታ አምስት ክሊክ ነው። ማውሱ ከመደዳው ሲወጣ ያኔ ይሰፋሉ። የሚሠራ ሰው እንዲህ ሲያስብላችሁ ደስ ይላል።

አሁን ወደ ቁልፎቹ። ታብ የሚዘጋው ኮንትሮል+ደብሊው ነው። አጠገቧ ያለችው ኪው ናት። ሊኑክስ ላይ በፋየርፎክስ ኮንትሮል+ኪው፣ ማክ ላይ ኮማንድ+ኪው ብሮውዘሩን እንዳለ ይዘጋዋል። አንድ ጣት ወደ ግራ ቢስት ሁሉም ሄደ ማለት ነው። ፋየርፎክስ ዊንዶውስ ላይ ሺፍት ጨምሮበታል፤ ጥሩ አድርጓል። የማክ ክሮም ቁልፉን ለጥቂት ጊዜ ይዛችሁ እንድትቆዩ የሚጠይቅ ምርጫ አለው። እናንተ አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ሁሉን የሚዘጋውን ከአንዱን ከሚዘጋው አርቁት።

ከዚያ ትልቁ ምርጫ ይመጣል። "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል ወይስ ዝም ብሎ ዘግቶ መመለሻ መስጠት? እኔ ሳላመነታ መመለሻውን እመርጣለሁ። ጥያቄ ሲደጋገም ሰው ማንበቡን ያቆማል፤ እጁ ለምዶ "አዎ" ይላል። መመለሻ ግን ስሕተቱን ካወቁ በኋላ ይሠራል። ኮንትሮል+ሺፍት+ቲ የተዘጋውን ታብ ከነ ታሪኩ፣ ከነ ቦታው ያመጣል። ደጋግማችሁ ስትጫኑ ወደ ኋላ እየሄደ አንድ በአንድ ይመልሳል። ክሮም ላይ ብሮውዘሩ ተዘግቶ እንደገና ሲከፈትም ያለፈውን መስኮት ይመልሳል።

ኮፒ ቤት ውስጥ አስቡት። አንዲት እናት ለልጃቸው የፓስፖርት ማመልከቻ ያስሞላሉ። ሠራተኛዋ ሌላ ታብ ልትዘጋ ስትል የእሳቸው ተዘጋ። "ልጄ፣ የሞላነው ጠፋ እንዴ?" "አይዞዎት እማማ፣ ይመለሳል።" ሦስት ቁልፍ፣ ገጹ መጣ። ግን ልብ በሉ፤ ገጹ መጣ ማለት የተጻፈው ሁሉ መጣ ማለት አይደለም። ብሮውዘሩ አንዳንዱን ሳጥን ይመልሳል፤ ብዙ ዘመናዊ ቅጽ ግን ባዶውን ይመጣል። ስለዚህ ቅጽ የምትሠሩ ልጆች፣ የተጻፈውን እየተጻፈ ሳለ ብሮውዘሩ ማከማቻ ውስጥ ረቂቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሲላክ ወይም ሰውየው ሲጨርስ ደግሞ አጥፉት፤ ኮምፒውተሩ የጋራ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ የሚገባው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ያልተላከ ጽሑፍ ያለበት ታብ ሲዘጋ፣ ሌላው ብዙ ታብ ያለው መስኮት በአንድ ጊዜ ሲዘጋ።

መብራት ሲሄድ

ዴስክቶፕ ላይ መብራት ሲሄድ "ልዝጋ?" የሚል የለም። እዚህ የሚለየው ብሮውዘሩ የታቦቹን ዝርዝር በየስንት ጊዜው ዲስክ ላይ እንደሚጽፍ ነው። ፋየርፎክስ ካልተነካ በቀር በየ15 ሰከንዱ ይጽፋል። ጊዜውን ማሳጠር የሚጠፋውን ይቀንሳል፤ ግን ዲስኩን ያስቸግራል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ 15 ሰከንዱ ይበቃል።

ሲነሳስ? በራሱ ይመልስ ወይስ ይጠይቅ? የግል ኮምፒውተር ከሆነ በራሱ ይመልስ፤ ክሮም ላይ "ካቆሙበት ይቀጥሉ" የሚለውን ማብራት ነው። የጋራ ኮምፒውተር ላይ ግን ይህን በፍጹም አታብሩ። ጠዋት አንዱ ኢሜይሉን ከፍቶ ሄደ፤ ከሰዓት ሌላው ሲከፍት የሰውየው ኢሜይል ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። እዚያ የሚሻለው ብልሽት ወይም የመብራት መቋረጥ ከነበረ ብቻ "ልመልስ?" ብሎ መጠየቅ ነው።

አቋራጭ ቁልፍ ፊደል ሲቀየር

ጅማ ላይ አንድ ጸሐፊ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ቋንቋ ትጽፋለች። ኦሮምኛው በቁቤ ነው፣ አማርኛው በፊደል፣ ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ። ቁቤውና እንግሊዝኛው በላቲን ኪቦርድ ይሄዳሉ። አማርኛ ላይ ስትደርስ ኪቦርዱን ትቀይራለች። ውጭ አገር የተሠራ ብዙ ሲስተም የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። አማርኛው በድምፅ የሚጻፍ ከሆነ የቲ ቁልፍ የሚሰጠው "ት"ን ነው። ኮዱ የላቲኗን ቲ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ አቋራጩ ዝም ይላል። ጸሐፊዋ "ኮምፒውተሩ ተበላሸ" ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ለሠሪ ሁለት መንገድ አለ። ድረ ገጽ ላይ ቁልፍ ሲጫን ብሮውዘሩ ሁለት መረጃ ይሰጣል። አንዱ የወጣውን ፊደል ይናገራል። ሌላው ቁልፉ ኪቦርዱ ላይ ያለበትን ቦታ ይናገራል። በፊደሉ ብቻ ከሄዳችሁ አማርኛ ላይ ይሰናከላል። በቦታው ብቻ ከሄዳችሁ ደግሞ የፈረንሳይ ኪቦርድ ላይ ይሰናከላል፤ እዚያ የደብሊውና የዜድ ቦታ ተለዋውጧል። እኔ የምመክረው ሁለቱን ማቀናጀት ነው። የወጣው ፊደል ላቲን ከሆነ በእሱ ሂዱ፤ ካልሆነ ወደ ቦታው ተመለሱ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ የጸሐፊዋን ቀን ግን ይለውጣል።

የማትነኳቸው ጥምረቶችም አሉ። አልት+ሺፍት ዊንዶውስ ላይ ብዙ ሰው ኪቦርድ የሚቀይርበት ስለሆነ አቋራጭ አታድርጉበት። ኮንትሮል+አልት አንዳንድ ኪቦርድ ላይ ተጨማሪ ፊደል ማውጫ ነው፤ እሱንም ተዉት። ፊደልን ያለ ኮንትሮል ወይም አልት ብቻዋን አቋራጭ ማድረግም ጣጣ ነው፤ ሰው የጻፈ መስሎት ገጽ ይዘጋል።

ሲስተማችሁ ብሮውዘር ውስጥ የሚከፈት ሆኖ የራሱ ታቦች ካሉት ደግሞ ኮንትሮል+ቲ፣ ኮንትሮል+ደብሊውና ኮንትሮል+ኤን የእናንተ አይደሉም። ክሮም እነዚህን ለራሱ ይይዛቸዋል። ተጠቃሚው የውስጡን ታብ ልዝጋ ሲል ሲስተሙን እንዳለ ይዘጋዋል። በዚህ ፈንታ የተለመደውን የተደራሽነት አሠራር ተከተሉ፦ የታብ ቁልፍ ወደ ታቦቹ መደዳ ያስገባል፣ የቀኝና የግራ ቀስት ከታብ ታብ ይወስዳል፣ ሆምና ኤንድ ወደ ጫፎቹ፣ እንደገና የታብ ቁልፍ ወደ ይዘቱ። በስክሪን አንባቢ የሚሠራ ማየት የተሳነው ሰው የሚጠብቀውም ይህንን ነው።

እዚህም አንድ ምርጫ አለ። ቀስቱ ታቡ ላይ ሲደርስ ወዲያው ይከፈት ወይስ ኤንተር እስኪጫን ይጠብቅ? ይዘቱ አስቀድሞ የወረደ ከሆነ ወዲያው ይከፈት። ከኔትወርክ የሚመጣ ከሆነ ግን ኤንተር ይጠብቅ። አለበለዚያ ወደ አምስተኛው ታብ የሚሄድ ሰው የሦስቱንም መንገደኛ ታቦች ጥያቄ ለሰርቨሩ እየላከ፣ ዳታውን እየከፈለ ነው የሚያልፈው።

ታብ ሲተኛ

ራም ሲያንስ ብሮውዘሮች የማይታየውን ታብ ያስተኛሉ። ኤጅ በ2021፣ ክሮም ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ይህን በሴቲንግ የሚስተካከል አድርገው አመጡት። ፋየርፎክስም ዊንዶውስ ላይ ራም ሊያልቅ ሲል ታብን ከራም ያወርዳል። ስሙ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

አንደኛው ማቀዝቀዝ ነው። ገጹ ራም ውስጥ እንዳለ ሥራውን ያቆማል። ስትመለሱ ወዲያው ይነቃል፤ ዳታ አይጠይቅም። የሚያተርፈው በዋናነት የፕሮሰሰሩን ድካም ነው። ሁለተኛው ከራም ማውረድ ነው። ገጹ ከራም ይወጣና ርዕሱ ብቻ ይቀራል። ብዙ ራም ይለቀቃል፤ ስትመለሱ ግን ገጹ እንደ አዲስ ከኢንተርኔት ይወርዳል።

ዋይፋይ የማይቋረጥበት ቦታ ላይ ልዩነቱ አይሰማም። እዚህ ግን ይሰማል። ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ላይ አምስት ጽሑፍ ከፍታችሁ ማታ ቤት ላንብብ ብላችሁ ሄዳችሁ እንበል። ማታ ታቡን ስትነኩ ገጹ የለም፤ ወይ ከፓኬጃችሁ ይቆርጣል ወይ "ኢንተርኔት የለም" ይላችኋል። ታቡ ስላለ ገጹ ያለ መስሏችሁ ነበር።

ስለዚህ ምርጫዬ ይህ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ካላችሁ ማስተኛውን አታጥፉት፤ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። ግን ክሮም ሴቲንግ ውስጥ "ሁልጊዜ ንቁ ይሁኑ" የሚባሉ ገጾችን መመዝገብ ይቻላልና የምትሠሩበትን ቅጽና ኢሜይል እዚያ አስገቡ። ክሮም ድምፅ የሚያጫውት፣ ፋይል የሚያወርድና ቅጹ ግማሽ የተሞላ ታብ እንዳያስተኛ ራሱም ይጠነቀቃል። ማታ ያለ ኔትወርክ የምታነቡትን ግን ታብ ላይ አታሳድሩት፤ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ካላችሁ ማስተኛውን በዝቅተኛው ደረጃ አድርጉት። ሠሪዎች ደግሞ ማቀዝቀዝን አስቀድሙ፣ ከራም ማውረድን መጨረሻ ላይ ተጠቀሙ፣ ሁለቱንም በሚለይ ምልክት አሳዩ። ሰው ከመንካቱ በፊት የቱ ዳታ እንደሚያስከፍለው ይወቅ።

ቡድን፣ መስኮት ወይስ ፕሮፋይል?

የታብ ቡድን ክሮም ላይ በ2020 መጣ። ፋየርፎክስ ቀድሞ በ2011 ሞክሮት ተጠቃሚው ስላነሰ በ2016 አንስቶት ነበር፤ በ2025 በአዲስ መልክ መለሰው። የመጀመሪያው ቡድኖቹን ሌላ ስክሪን ላይ ይደብቃቸው ነበር። የአሁኖቹ ታቦቹ መካከል በቀለም ይታያሉ። የማይታይ ነገር ይረሳል።

ቡድን ለአንድ ሰው ብዙ ጉዳይ ነው፦ ቴሲስ፣ ሥራ ፍለጋ፣ ዜና። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ማየት ሲያስፈልግ መስኮት ይሻላል። ሁለቱም ግን የብዙ ሰዎችን አካውንት አይለዩም፤ ኮፒ ቤት ያላችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። በሁለት ቡድን ወይም በሁለት መስኮት የሁለት ደንበኛ አካውንት አንድ ድረ ገጽ ላይ ብትከፍቱ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያስወጣዋል፤ ወይም የአንዱ መረጃ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። የግል መስኮትም (ሲዘጋ ታሪክና መግቢያ የማያስቀር መስኮት) ቢሆን፣ ሁለት የግል መስኮት በአንድ ጊዜ ከተከፈተ መግቢያቸውን ይጋራሉ። ለየብቻቸው የሚሆኑት በፕሮፋይል (የራሱ መግቢያና ታሪክ ያለው የብሮውዘር ክፍል)፣ ወይም ፋየርፎክስ ላይ ኮንቴይነር በሚባለው ኤክስቴንሽን ነው። ደንበኛ አንድ በአንድ ከሆነ አንድ የግል መስኮት ይበቃል፤ ሲያልቅ ሁሉንም መዝጋት ነው። ሁለት ደንበኛ እያፈራረቃችሁ ከሆነ በሁለት ፕሮፋይል ሥሩ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ቀይ ይሁን። የሰው የልደት ቀን ሌላ ሰው ማመልከቻ ላይ ሲገባ የሚጉላላው ደንበኛው ነው።

ስልክ ላይ

ስልክ ላይ አቋራጭ ቁልፍ የለም፤ ያለው ጣት ነው። ታቦቹ በቁጥር ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። አንድሮይድ ላይ ክሮም ከ99 በላይ ሲሆን ቁጥሩን ትቶ ፈገግታ ያሳያል፤ ያኔ ማጽዳት ነው። የአድራሻ ሳጥኑ ከታች ሲሆን በአንድ እጅ ለሚይዝ ሰው ይቀላል፤ ፋየርፎክስ ይህን ያስመርጣል። ጎግል አንድሮይድ ላይ ለሚነካ ነገር የሚመክረው ዝቅተኛ መጠን 48 ዲፒ (ስክሪኑ ቢለያይም መጠኑ ያው የሚሆን መለኪያ) ነው። የተዘጋ ታብ "መልስ" የሚለው ማስታወሻ ከታች ብቅ ሲል ቶሎ አይጥፋ፤ ሻይ ይዞ የሚሄድ ሰው ጣቱ እስኪደርስ ይጠብቀው።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። ግማሽ ቅጽ ሞልታችሁ የኮምፒውተሩን ገመድ ንቀሉና እንደገና አብሩ። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይራችሁ አቋራጮቹን በሙሉ ሞክሩ። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ሃያ አምስት ታብ ከፍታችሁ ዋይፋዩን አጥፉና ወደ መጀመሪያው ታብ ተመለሱ። ከዚያ አንድ ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው አጠገብ ቁጭ በሉና ሳትናገሩ ሲጠቀም እዩ። እጁ የቆመበትን ቦታ ጻፉ፤ መጀመሪያ የምታስተካክሉት እሱን ነው።